የመምህር ጫንያለው የመጋዝ ፍርድ

ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የተመደበው የፊዚክስ መምህር ጫንያለው አዲስ የሞተር መጋዝ ገዝቶ፣ ሰንሰለቱን በገዛ እጁ ገጥሞ፣ የማገዶ ግንዱን ሲያጨሰው ዋለ። መቁረጥ እንኳ የለም። ተናዶ የጎረቤቱን የያደታን አሮጌ መጋዝ ተዋሰ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ ባይ ነውና የእሱንም ሰንሰለት አውልቆ አጥቦ ገጠመው። ያም መጋዝ ግንዱን አጨሰው።

ጫንያለው ለተሰበሰበው ጎረቤት ንጽጽሩን አስረዳ። የአዲሱ ብረት ለስላሳ ነው፣ የአሮጌው ሞተር ደክሟል፣ በአጠቃላይ ዘንድሮ መጋዝ የሚባል ነገር የለም።

እንጨት ሻጯ ድርቤ ምሳሯን አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

«ባርሲሳ» አለችው፣ እንደ ተማሪዎቹ በኦሮምኛ መምህር ስትለው፤ «የሁለቱም ጥርስ ወደ ኋላ ዞሯል እኮ። ማነው የገጠመው?»

መጥፎው መጋዝ ተገኝቷል፤ ሁለት እጅና የፊዚክስ ዲግሪ አለው።