በዋናው በር የታየ አደጋ

መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነበር። ጭጋጉ ተራራውንም፣ መኪና ማቆሚያውንም፣ የገዛ ጫማን ጫፍ ሳይቀር ውጦት ስለነበር የሚስለው ማን እንደሆነ ማየት አልተቻለም። ደረቅ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል፣ ከሰማይ የወረደ የሚመስል ሳል ነው። ሳሉ ጉሮሮውን ጠረገና የሴት ድምፅ ሆነ።

«ውድ ጎብኚዎቻችን፤ የምሥራቁ መንገድ ተዘግቷል። የፏፏቴው መንገድ ተዘግቷል። ዝንጀሮ ያጋጠማችሁ እንደሆነ ዓይን ዓይኑን አትዩት፤ ካያችሁትም ፈገግ አትበሉለት። ወደ ላይኛው ጣቢያ የሚወስደው መንገድ እንደተዘጋ ነው። መልካም ጉብኝት።»

ዳቦ ጋጋሪው አንድ እግሩን ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንጠልጥሎ ቀረ። ሌላው ሁሉ ቢዘጋ ደንታ አልነበረውም። ፏፏቴ ሊያይ አልመጣም፤ ውሃ ሲወርድ ማየት ካማረው የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያሳየዋል። እሱ የመጣው ላይኛው ጣቢያ ላሉት ሰውዬ ነው።

«ሰማሽ?» አላት እጮኛውን።

«ሰማሁ» አለች ነርሷ፣ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዛወረች። «ይሄ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለው? እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ዝግ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የነርሷ አባት በዚህ ብሔራዊ ፓርክ የላይኛው ጣቢያ ጠባቂ ናቸው። ባልደረቦቻቸው ጋሽ ጥንቃቄ ይሏቸዋል። ሻይ ሲቀርብላቸው እንኳ መጀመሪያ ብርጭቆውን ዙሪያውን ተመልክተው፣ ስንጥቅ የሌለው መሆኑን አረጋግጠው ነው የሚያነሡት ይባላል። ልጃቸው ስትመረቅ መንገድ ተዘግቶባቸው አልመጡም። ታማ ሐኪም ቤት ስትተኛም መንገድ ተዘግቶባቸው ነበር። እሷ ግን ተቀይማቸው አታውቅም። «ተራራ ነው፤ ምን ያድርግ?» ትላለች። በጋብቻው ነገር ብቻ ድርቅ ብላለች፤ አባቷ ሰውየውን በዓይናቸው አይተው፣ በገዛ አፋቸው እሺ ካላሉ ቀለበት የሚባል ነገር ጣቷን አይነካትም። በመልእክተኛ አይሆንም። ስልክ ደግሞ እዚያ ላይ አይሠራም።

ጋጋሪውም ቀለበቱን በኪሱ፣ ልቡን በጉሮሮው ይዞ፣ ሊጡን ጨው መጨመር ለሚረሳ ባልንጀራው አደራ ሰጥቶ መጣ። ዛሬ ካልሆነለት፣ ዳግመኛ ምድጃውን ትቶ የሚመጣበት ቀን መቼ እንደሚገኝ እንጃ።

የፓርኩ ቢሮ አንዲት ክፍል ናት። እርጥብ የዝናብ ልብሶች ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባሉ። ግድግዳውን የሞላ ካርታ አለ፤ የተዘጋ መንገድ ሁሉ በቀይ የሱፍ ክር ይሸፈናል። ከሩቅ ሲያዩት ተራራው ሹራብ የለበሰ ይመስላል። በተረፈው ክር ሬዲዮኛዋ፣ ያቺ የምትስለው ሴትዮ መሆኗ ነው፣ ካልሲ ትሠራለች።

«እትዬ፣ የላይኛው መንገድ መቼ ነው የሚከፈተው?» አላት ጋጋሪው፣ የመጣበትን ጉዳይ ከነገራት በኋላ።

«የዘጋው ሰው ሲከፍተው ነዋ፣ የኔ ጌታ።»

«ማን ነው የዘጋው?»

«ጋሽ ጥንቃቄ ናቸዋ።»

«ታዲያ ለምን አይከፍቱትም?»

«ለመክፈትማ በእግራቸው ወርደው መመርመር አለባቸው።»

«ይውረዱና ይመርምሩታ!»

ሬዲዮኛዋ ካልሲውን ጭኗ ላይ ጣለችው። «በዝግ መንገድ? ምን ነካህ ልጄ!»

ጋጋሪው ነገሩን ከየትኛው ጫፍ እንደሚይዘው ቸገረው። «ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው የተዘጋው?»

«ከመንገዱ በላይ ሊወድቅ የደረሰ ድንጋይ ስለነበረ።»

«እስካሁን ሊወድቅ ነው?»

«ኧረ ወድቋል! ከወደቀ ቆየ። እጮኛህ የተቀመጠችበት እሱ አይደል?»

ጋጋሪው ዞር ብሎ አየ። ነርሷ ከበሩ ውጪ ነጭ ቀለም የተቀባ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች።

«እሺ ይሁን፤ በሬዲዮ ላነጋግራቸው።»

«ሬዲዮ ለወሬ አይሆንም። በፓርኩ ሁሉ ከተተከሉት ድምፅ ማጉያዎች ጋር የተያያዘ ነው። ዱሮ አንዱ ጠባቂ ከሚስቱ ጋር በሬዲዮ ሲጨቃጨቅ፣ ጎብኚው ገሚሱ ለሱ ገሚሱ ለሷ ወግኖ ተፈነካከተ። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።» አለችና አየት አደረገችው። ፊቱ እሳት እንደበዛበት ዳቦ ቅልት ብሎ ነበር። አንጀቷን በላት። «እንግዲህ… በማስጠንቀቂያ መልክ ከሆነ ልሞክርልህ እችላለሁ።»

የሬዲዮውን መነጋገሪያ ወደ አፏ አስጠጋች፤ ሳለች።

«ማስጠንቀቂያ። የአደጋው ዓይነት፣ ጋብቻ። ቦታ፣ ዋናው በር። ደረጃ፣ ቢጫ።»

መኪና ማቆሚያው ላይ ተያይዘው የነበሩ ሁለት ወጣቶች እጃቸውን ቶሎ አላቀቁ። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን በመኪናቸው መስኮት አውጥተው፣ «እኛ ያገባን ነን፤ ይመለከተናል ወይ?» ብለው ጮኹ።

«አንተ ዝም በል፤ ለኛ አልፏል» አሏቸው ሚስታቸው።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና ከላይ ቀጭን፣ እርጋታ ያለው የወንድ ድምፅ መጣ። «የአደጋው ምንጭ ይገለጽ።»

«ዳቦ ጋጋሪ» አለች ሬዲዮኛዋ።

«መጠን?»

ሴትዮዋ ጋጋሪውን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። «መካከለኛ። ሆዱ አካባቢ ትንሽ ገፋ ያለ ነው።»

«ከመኝታህ ተነሥተህ ስኳር ያለበትን ዳቦ አትብላ ብዬህ ነበር» አለች ነርሷ፤ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች።

«በጣም እንደምወዳት ይንገሩልኝ» አለ ጋጋሪው በሹክሹክታ።

«ፍቅር የሚባል ምድብ የለንም። ‹ለረጅም ጊዜ የሚቆይ› ልበልልህ?»

«ይበሉልኝ፣ እትዬ።»

«ለረጅም ጊዜ የሚቆይ!» አለች ሬዲዮኛዋ። ማጉያዎቹ ሁሉ እየተቀባበሉ ደገሙት።

«ለአደጋው የተጋለጠ ሰው አለ?»

«አንዲት ሴት። የርስዎ ልጅ ናት።»

ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ይሰማል። ነርሷ ጣቶቿን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«አደጋውን በዓይኔ ሳላይ አልወስንም። መንገዱ ዝግ ነው። አበቃሁ» አለ ድምፁ።

ጋጋሪው እርጥቡ ወለል ላይ ዘጭ አለ። «አለቀልኝ» አለ። «ሰውየው ሳያዩኝ እሺ አይሉም። መንገዱ ካልተከፈተ አያዩኝም። ካልወረዱ አይከፈትም። ዝግ ስለሆነ አይወርዱም። እኔ እዚሁ አርጅቼ ድንጋይ ሆኜ፣ እኔንም ነጭ ቀለም ትቀቡኛላችሁ።»

«አንድ ነገር አለ» አለች ሬዲዮኛዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀይ። ቀይ ከተባለ ጠባቂ ሁሉ በየትም በየትም ብሎ አደጋው ያለበት መድረስ አለበት። ደንቡ ነው። ግን ጎብኚ በሙሉ ከበር ይወጣል።»

«እኛም እንወጣለና!»

«እሷ ትወጣለች። አንተ ግን አደጋው ነህ። ሰው ከአደጋ ይሸሻል እንጂ አደጋን ተሸክሞ ይሸሻል እንዴ?»

ጋጋሪው እጮኛውን አየ። ነርሷ ዓይኗ ውስጥ ውሃ ሞልቷል። «ይሁን» አለች። «አባዬ ከመጣልኝ ቀይም ይሁን፣ ከቀይ የባሰም ካለ እሱ ይሁን።»

ከዚያ በኋላ የሆነው የሠርግ ዕለት ግርግር ይመስል ነበር። ማጉያዎቹ ጮኹ። ሽማግሌው ባለመኪና ሚስታቸውን ክንዳቸውን ይዘው፣ በልጅነታቸው እንኳ ባልሮጡት ሩጫ ሮጡ። የበሩ ዘበኛ እያንዳንዱን ወጪ፣ «ጋብቻው አልነካዎትም? ደህና ነዎት?» እያለ አሳለፈ። ነርሷም ወጣች፤ የብረቱ በር ተዘጋ፤ በፍርግርጉ መሃል ፊቷ ብቻ ታየ። ጋጋሪው ሜዳው መሃል አራት እንጨት ተተክሎለት፣ ዙሪያውን ቢጫና ጥቁር ሪባን ተወጥሮለት ቆመ። ሬዲዮኛዋ እንዳይበርደው ያላለቀውን ካልሲ አንገቱ ላይ ጣል አደረገችለት።

ብዙ እጠብቃለሁ ብሎ ነበር። አልጠበቀም። ከጭጋጉ ውስጥ የዱላ ኮቴ ተሰማ፤ ከዱላው ኋላ ሽማግሌው ጋሽ ጥንቃቄ ብቅ አሉ። ጋጋሪው ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቀው። እኚህ ግን የዝናብ ልብሳቸው ለብሷቸው የሚመጣ የሚመስሉ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ሰውዬ ናቸው። ሰላምታ አልሰጡትም። ጋጋሪውን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ መልሰው በሌላው በኩል ዞሩት።

«ዝናብ ሲመታህ ምን ትሆናለህ?» አሉት።

«እርጥብ እሆናለሁ፣ አባባ።»

«ከዚያስ?»

«እደርቃለሁ።»

ይህቺን መልስ ወደዷት መሰል፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከሥርህ የሆነ ነገር ቢቦረቡርህስ?»

«እጮኻለሁ።»

«ጎሽ። ክፉው ሳይጮኽ የሚወርደው ነው። ሰው ላይ ወድቀህ ታውቃለህ?»

«አንዴ አጎቴ ላይ። ከብስክሌት።»

«ተጎዱ?»

«ሳቁ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን የጋጋሪው ደረት ላይ አኑረው፣ ገደል እንደሚፈትኑ ሁሉ በሙሉ ክብደታቸው ገፉት። ጋጋሪው ንቅንቅ አላለም፤ የዱቄት ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። ገፉት፤ አሁንም ቆመ። ከዚያ ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። ውስጡ ከበሮ ነበር።

«እሺ ብያለሁ» አሉ ሽማግሌው ቀና ብለው። «አደጋ የለውም።»

ጋጋሪው ጮኸ። ቀዩ ተነሣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ነርሷ እየሮጠች መጥታ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጋጋሪው ሪባኑ ውስጥ እንዳለ ቀለበቱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ያዘ።

«አባዬ፣ እውነት እሺ አልክ?»

«ብያለሁ ልጄ። የሚወድቅ ሰው አይደለም። አንቺ ግን ከስተሻል።»

«ስትወርድ አልተጎዳህም? በየት በኩል ዞረህ መጣህ?»

«ምን አዞረኝ፤ በመንገዱ ነዋ።»

«በዝጉ?»

«ቀይ ሲሆን በዝግም ይኬዳል።»

«ክፉ ነው?»

«ኧረ ምን ክፋት አለው!» ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ሳቁ። «ለጥ ያለ ነው። ሁሌም ለጥ ያለ ነው። እያፏጨሁ ነው የወረድኩት።»

«ስመረቅም? ታምሜ ስተኛም?» አለች ነርሷ፣ ክንዷን ከአንገታቸው እያወረደች። መንገዱ ከጭጋጉ የሚወጣበትን ቦታ አየች፤ ከዚያ የአባቷን ጫማ አየች፤ ጭቃ እንኳ አልነካውም። ጋጋሪው፣ «የኔ ቆንጆ፣ ጣትሽን» አላት። ቀለበቱን ሌላ ሰው የጣለው ዕቃ ይመስል ተመለከተችው።

ወደ አባቷ ተጠጋች። የዝናብ ልብሳቸው የላይኛው ቁልፍ ተፈትቶ ነበር፤ በጥንቃቄ ቆለፈችላቸው። ኮሌታቸውን አስተካከለችላቸው። ቦርሳዋን አነሣች።

«ምነው ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

ሬዲዮኛዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ጋጋሪው ስሟን ጠራ፤ አንድ እግሩን ከሪባኑ በላይ አንሥቶ ሽማግሌውን አየ፤ ሽማግሌው ደግሞ ሬዲዮኛዋን አዩ።

ነርሷ በበሩ ወጣች። አውቶቡሱ ላይ ወጥታ መስኮት ሥር ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ ሄደ።