የአረንጓዴው እርሳስ ባለቤት

የድልድይ ግንባታ መምህሩ የተማሪዎቻቸውን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአረንጓዴ እርሳስ ሲያርሙ ኖረዋል። ዘንድሮ የተማሪው ብዛት ከአቅማቸው በላይ ቢሆን፣ ባልደረቦቹ «ቶሎ ቶሎ» የሚሉት የቢሮ ተጋሪያቸው ዘዴ ፈጠረላቸው፤ የድሮ እርማቶቻቸውን ሰብስቦ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አስነበበው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ እንደ እርሳቸው እየተቆጣ፣ እንደ እርሳቸው እየቀለደ አስተያየት ያረቃል፤ እርሳቸውም ጥቂት ቀንሰው፣ ጥቂት ጨምረው ይልኩታል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ እጇ ሪፖርቷን፣ በሌላው የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ቅጽ ይዛ ገባች።

«መምህር፣ ቅጹ እስከ ስድስት ሰዓት መግባት አለበት። ከመፈረምዎ በፊት ግን ይንገሩኝ፤ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

መነጽራቸውን አጥልቀው ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘውን አስተያየት አነበቡ። «ስሌትሽ ገና ያነክሳል። አሮጊቶች የሚደገፉበትን የድልድዩን ብረት ከፍታ ያሰብሽበት ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ከዚህ ሙያ እንዳትወጪ» ይላል።

«አነጋገሩ የእኔ ነው።»

«ማሽኑም የሚያወራው በእርስዎ አፍ ነው፤ ራስዎ ነግረውናል። እርስዎ ካሉት እቀራለሁ። እሱ ካለው ግን ለሁሉም የሚለውን ነው ያለኝ።»

መምህሩ ግራ ገባቸው። «ያነክሳል» በእርግጥ የእርሳቸው ነው። «እንዳትወጪ» ግን? ለማንም ብለው አያውቁም። ወይስ ብለው ረስተውታል?

«አንተ! ረቂቆቹ የት አሉ?» አሉ ወደ ቢሮ ተጋሪያቸው ጠረጴዛ ዞረው።

«ሲላኩ ይጠፋሉ፤ ቦታ እንዳይዙ ብዬ» አለ ቶሎ ቶሎ። «ጋሼ ደግሞ፣ የራስዎን ነገር እኔን ይጠይቃሉ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ልጅቷ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። መልሰው ዘጉት።

«ልጄ፣ አላውቅም።»

ፊቷ ጠቆረ። «እንግዲያው ይፈርሙልኝ።»

«እፈርማለሁ። ገና አንድ ሰዓት አለን፤ ተቀመጪ።»

አስተያየቱን በቅጹ ሸፍነው፣ እርሳሳቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ቀረጹና ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ስሌት ሰረዙ። አምስተኛው ገጽ ላይ የሰባት አሮጊቶች የክርን ከፍታ በሰንጠረዥ ሰፍሯል። ከዚህ በፊት አይተውት ይሆን? ማስታወስ አቃታቸው።

«እነዚህን ከየት አመጣሻቸው?»

«አንዷ አያቴ ናት፤ የቀሩት ጓደኞቿ። ሜትር ይዤ ስጠጋቸው ለከፈን የምለካቸው መስሏቸው አባረሩኝ።»

መምህሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያም በገጹ ጥግ ላይ «ስሌትሽ ገና ያነክሳል» ብለው ጀመሩና ቀጠሉ፤ ጽፈው ሲጨርሱ ቅጹን ገለጥ አድርገው ሁለቱን አስተያዩ። በሁለት ቃል ብቻ ይለያያሉ።

«አሁንማ ጭራሽ ዞረብኝ» አሉ። «እሱ ከእኔ ቀዳ ወይስ እኔ ከእሱ?»

«እሱ የማን ክርን ነው ብሎ አልጠየቀኝም» አለች ልጅቷ። ያልተፈረመውን ቅጽ አጥፋ ሪፖርቷ ውስጥ ሸጎጠችና ወጣች።

መምህሩ ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። ማሽኑ ያረቃቸው አርባ አንድ አስተያየቶች ለመላክ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ሁሉም እርሳቸውን እርሳቸውን ይላሉ።