የአባቴ መስኮት

ሥራዬ መጥረግ ነው፤ ለማጽዳት ግን እንዳይመስላችሁ። ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ይዤ ሰው የሚነካካውን ሁሉ እጠርጋለሁ፦ የአውቶቡስ መያዣ፣ የሊፍት ቁልፍ፣ የደረጃ መደገፊያ። ጥጡን ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ላብራቶሪ አስረክባለሁ፤ ቫይረስ ይኑርበት አይኑርበት እነሱ ይነግሩኛል። መንገደኛው ሲያየኝ "እህቴ፣ እዚህ ጋ ረሳሽ!" እያለ ይቀልድብኛል። ይሳቅ፣ ምን ቸገረኝ።

አባቴ ደግሞ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ሻጭ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንዲት መስኮት። ተሳፋሪዎች "መስታወቱ" ይሉታል፤ አንዱ ትኬት ገዝቶ ዞር ባለ ቁጥር መስኮቷን በአልኮል ወልወል ያደርጋታላ! "እኔ ላጠፋው እጠርጋለሁ፣ አንቺ ልታገኚው ትጠርጊያለሽ፤ ከአንድ ቤት ሁለት ጠራጊ" ይለኝ ነበር።

ለሥራችን ንጹሕነቱ የተመሰከረለት አንድ ቦታ ያስፈልገናል። መነጻጸሪያ እንለዋለን። እሱ ላይ ቫይረስ ተገኘ ከተባለ፣ ወይ ማሽኑ ወይ የጠራጊው እጅ ተሳስቷል ማለት ነው፤ እንደገና ይሠራል። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የአባቴን መስኮት። "ከተማውን ቢያስሱ ከሷ የጸዳ አያገኙም" ብዬ ለአለቃዬ ስምልለት ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ሰኞ ሰኞ እጠርጋለሁ። ማክሰኞ ከሥራ ስንገባ አባቴ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ስንተኛ ወጣሁ?" ይለኛል። "አንደኛ!" እለዋለሁ። ጡረታ የደረሰ ሰውዬ እንደ ተማሪ ይፈነድቃል።

አንድ ማክሰኞ አለቃዬ ወረቀቱን እያየ ፊቱን አጨማደደ።

"መነጻጸሪያው ቫይረስ አለበት ይላል።"

"የአባቴ መስኮት? ኧረ በሕግ! ማሽንዎን ያስፈትሹ።"

"ጓንትሽንስ ቀይረሽ ነበር?"

"እንጃ… ሳልረሳ አልቀረሁም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀይሬ ነበር። ግን የአባቴ መስኮት ከሚታማ እኔ ዝርክርክ ብባል ይሻለኛል። መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ "የጠራጊዋ ስህተት፤ በሚቀጥለው ሰኞ ይደገም" ብዬ ጻፍኩ።

ያን ዕለት አባቴ ቀስ ብሎ ገባ። ጫማውን ሲያወልቅ ግድግዳ ተደገፈ።

"ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ነገ ፈቃድ ልጠይቅ እያልኩ ነበር" አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ "ለመሆኑ ስንተኛ ወጣሁ?"

ምነው ምላሴን በቆረጠው! "አንደኛ" አልኩት።

ፊቱ በራ። "እንግዲያው ብርድ ነው፤ ሲሠሩበት ይለቃል" አለ። ረቡዕ ሄደ፣ ሐሙስ ሄደ፣ ዓርብም ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ ከወንበሩ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ሆስፒታል አጠገቡ አላስጠጉኝም። እሱ ከመስታወት ወዲያ ተኝቶ፣ እኔ ከወዲህ ቆሜ፣ በስልክ ነበር የምናወራው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። መስኮትህ ላይ ተገኝቶ ነበር" አልኩት። እንባዬ አፌ ውስጥ ይገባል።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው በተቆጣኝ ኖሮ።

"ሰዎቹስ?" አለኝ።

"የትኞቹ ሰዎች?"

"ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ… ከኔ ትኬት የገዙት። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ነበር። ሳንቲሙን በእጄ ሰጠኋት።"

የማንኛቸውንም ስም አናውቅ፣ የት እንደወረዱ አናውቅ። "ደህና ናቸው አባዬ" አልኩት። እንደገና ዋሸሁት። በማግስቱ አረፈ።

አሁን እዚያ መስኮት አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። መስታወቷን ትዝ ሲላት ታብሳለች። እኔም ሰኞ ሰኞ እየሄድኩ እጠርጋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አለቃዬ ወረቀቱን አሳየኝ። "ይኸው፣ መነጻጸሪያችን ንጹሕ ነው" አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደስ የሚለኝ መስሎት ነው።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩና ያን የገዛ ጽሑፌን ሰረዝኩት። ከሥሩ "ጓንት ተቀይሯል። ውጤቱ ትክክል ነበር" ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው። "አሁን ምን ይረባል፣ እህቴ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት፤ መዝገቡ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።