ለሁለት የተሰፋ መቀመጫ

ዕፀገነት የባሏን ሞተር ድምፅ ከመቱ ከተማ ሞተር ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። ከሄደ ጀምሮ ደጅ ደጁን ታያለች፤ እፎይ የምትለው ሲመለስ ነው። እንዴት አትጨነቅ! መክብብ ማር ሊገዛ ወደ ኖፓ ሲሄድ፣ ባለፈው ክረምት ዳገት ላይ ሞተሩ ዘመመበት፤ እግሩ መሬት አልደርስ አለና ያን የሚያህል ብረት ላዩ ላይ ተጋደመ። የተሰበረው ግራ እግሩ ሲድን አጥሮ ቀረ።

እንግዲህ ይበቃዋል ብላ ነበር፣ ምስኪን። ሰውዬው ግን ክራንቹን ጥሎ ሳይጨርስ ወሬው ሁሉ ያ ክሩዘር የሚሉት፣ ወፍራምና እጀታው ሰፊ ሞተር ሆነ። ባለጋራዡ ቀነዓ ያንኑ ሞተሩን እንደዚያ ሊሠራለት፣ መቀመጫውን ሊቀይርለት፣ የኋላውን ሞላ፣ አሞርዛተሩን፣ በአጭር ተክቶ ሞተሩን ዝቅ ሊያደርግለት ነው። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ከነኩ ምን እፈራለሁ ይላል። ለመነችው፣ አኮረፈችው፣ የንስሐ አባቱን ላከችበት። ወይ ፍንክች!

ቢቸግራት ተደብቃ ቀነዓ ዘንድ ሄደች። ባሏ ካዘዘው በላይ እንዲያወርደው፣ ከአስፋልት የማይወጣ ሞተር እንዲያደርገው ለመነችው። ቀነዓ ግሪስ የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ አዴ ዕፀገነት፣ የሞተሩ ሆድ ድንጋይ ይመታል እኮ አላት። እሷም የምፈልገው ይህንኑ ነው አለች፤ አስፋልቱ አልቆ አንዴ ሲጫረው ይመለሳል፣ ከተማ ውስጥ እንደ ልቡ ይንዳ። እንባዋ ሲቀድማት ጊዜ ቀነዓ አንገቱን ደፍቶ፣ ቶሌ፣ እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት መክብብ ሞተሩን ደጅ አመጣው። በሁለት እግሩ መሬት ረግጦ ልጅ ሆኖልሻል! ደስታውን አይታ እሷም ደስ ሊላት ሲል ዓይኗ መቀመጫው ላይ አረፈ። ረጅም ነው፤ ከኋላ መደገፊያ ተሠርቶለታል።

"ይሄ ያንቺ ነው" አላት። "ደጅ ደጁን እያየሽ ከምታልቂ አብረሽኝ ሁኚ ብዬ ነው ያሰፋሁት። ነይ ውጪበት፣ ኖፓ ያለችውን እህትሽን አይተን እንመጣለን።"

ምን ትበል? አልወጣም ብትል ብቻውን ሊሄድ ነው። ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች። ስትቀመጥ ሞተሩ ከሥሯ ዝቅ ሲል ተሰማት። እስከ አስፋልቱ ጫፍ ስለት ስትሳል ሄደች፤ ስንቱን ታቦት እንደጠራች እንኳ አታውቀውም። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከሥራቸው ብረትና ድንጋይ ተፋጨ። ሞተሩ ወደ ገደሉ ዳር ዘለለ፤ መክብብ ሁለት እግሩን እየጎተተ እንደምንም አቆመው።

"እኔ ነኝ እንዲህ ያስደረግሁት፣ መክቤ" አለች። ቀነዓን ምን ብላ እንደለመነችው አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

መክብብ ቁልቁል ገደሉን አየ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ አልጮኸም።

"ይህን እያወቅሽ ነው አብረሽኝ የወጣሽው?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ብቻዬን ብወጣስ ኖሮ?" አለ።

ይመለሳል ነበር ያለችው፤ ሊወድቅ ይችላል ብላ አላሰበችም። ከዚያ ክረምት ወዲህ መውደቁን ብቻ ስትፈራ የከረመች ሴት ይህን እንዴት ታጣው? እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱም እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ እስኪወጣላት ጠበቃት።

ሞተሩን እየገፉ ወደ ጋራዡ መለሱት። ቀነዓ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። መክብብ አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው።

"ከፍ አድርገው፤ እግሩ መሬት መንካቱ ብቻ አይቅርበት" አለች። "መቀመጫውን ግን እንዳትነካብኝ።"