ይህ ስም ተይዟል

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስሜን ከሰርቨሩ ሰረዝኩ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «መርዕድ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሁሉ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ሳይሆን የሰፈራችን እድር ዘንድ ሆነ።

ሥራዬ ይኸው ነው። አንድ ሰርቨር የአርባ ድርጅቶችን ድረ ገጾች ይዟል፤ የትኛው እንደሚከፈት የሚወሰነው በተጠራው ስም ነው። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ስም ሲጠራ ከዝርዝሩ አንደኛ ወደሆነው ይላካል። አንደኛው እድሩ ነው። ዝርዝሩን ስናዘጋጅ «ሽማግሌዎች እያሉማ ሌላ አይቀድምም» ብለን ከሆቴሉም ከኮሌጁም በፊት አስቀመጥነው። የእኔ ስም የገባው ለሙከራ ነበር፤ ሙከራው ሲያልቅ አጠፋሁት።

ቤዛ ፊት ለፊቴ ነው የምትሠራው። ልትጠራኝ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ኮምፒዩተሯ ላይ የእድሩ ገጽ ተከፈተ።

«የቀብር ማስታወቂያ ነው» አለች። «ያንተ። ዘጠኝ ሰዓት ይላል።»

«አሁን ስንት ነው?»

«ስድስት ከሩብ።»

ፈራሁ። ስሜን መልሼ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። «ይህ ስም ተይዟል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«በማን?» አለች ቤዛ።

«አይናገርም።»

«አጥፍተህ አስነሣው እስቲ።»

ሰርቨሩን አጠፋሁት፤ ተነሣ። ስሙ እንደተያዘ ነው።

«የድሮውን መዝገብ ይዞ ይሆናል። እስከ ነገ ጠብቀው፤ ራሱ ይለቃል።»

«ቀብሩ እኮ ዛሬ ነው!»

«እሱስ ልክ ነህ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ባለቤቴ ስንዱ ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ሌላው ቢቀር መልኬን ታውቃለች ብዬ ነበር።

«ስንዱ፣ እኔ ነኝ፤ መርዕድ» አልኳት።

ስሜን ስጠራ ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «አብራችሁ ትሠሩ ነበር? ይቀመጡ፣ አይቁሙ።»

ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ስምንት ተኩል ላይ ሣጥኑን አወጡት። እኔ ውጭ ስለሆንኩ ባዶ መሆን አለበት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ስንዱ ከኋላው ተከትላ ሮጠች። አንገቷ ላይ ያሉት ሥሮች እስኪገታተሩ ስሜን ስትጣራ አየኋት። «አቤት» ልላት አፌን ከፈትኩ።

«አቤት ስንዱዬ» የሚል ድምፅ፣ የገዛ ድምፄ፣ ከሣጥኑ ውስጥ መጣ።

ተሸካሚዎቹ አልቆሙም። አንደኛው ብቻ ሣጥኑን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።