ያልተለካው መቅደስ

"ስልክሽን ለምን ትወረውሪዋለሽ? ምን አደረገሽ?" አለ ልዑልቃል ከጠረጴዛው ቀና ሳይል።

"ስልኩማ የተጻፈውን ነው ያሳየኝ። ያልተጻፈውን አንተ ንገረኝ" አለች እስከዳር።

ስቱዲዮው ውስጥ ሞዴል ሲቆርጡ የነበሩት የክፍል ጓደኞቻቸው ካርቶኑን እንደያዙ ወደ ሁለቱ ዞሩ። ሁለቱ ከባለፈው ዓመት ወዲህ ለሥራ ካልሆነ እንደማይነጋገሩ ሁሉም ያውቃል። ምክንያቱን ግን የሚያውቅ የለም፤ ነገሩ የሾላ በድፍን እንደሆነ ቀርቷል።

የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍሉ "ዜናና ዕድል ለተማሪዎች" የሚባል የቴሌግራም ቻናል አለው። ዜናው አያልቅም፤ ዕድሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ቀኑ ያላለፈበት አንድ ዕድል ተለጥፎ ነበር፤ ውጭ አገር የአንድ ዓመት የቅርስ ጥገና ሥልጠና፣ ወጪው ሁሉ የተሸፈነ፣ ከትምህርት ክፍሉ ለአንድ ሰው ብቻ። ከሥሩም "የትምህርት ክፍላችን እጩ፦ ልዑልቃል ሐብተ ማርያም" ይላል። ለውድድሩ የሚቀርበው ሥራ ጎንደር ከቁስቋም በላይ ኮረብታው ላይ ያለችው፣ ሰፈርተኛው የላይኛዋ ማርያም የሚላት ቤተ ክርስቲያን ሙሉ የልኬት ንድፍ ነው። የዚያን ንድፍ እያንዳንዷን መስመር የሳለችው እስከዳር ናት።

"አብረን ነው የሠራነው። ቢሮ ስትሄድ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንድ ሥራ አንድ ስም አሉ። አንዳችን መሄድ ነበረብን።"

"አንተ መሆንህን ማን ወሰነ?"

"መምህር ምናለን ጠይቂው" ብሎ ማስመሪያውን አነሳ፤ ጨዋታው ያለቀ ይመስል።

መምህር ምናለ የትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን መጀመሪያ የመጣውን ሰው አምኖ ሁለተኛውን የሚቆጣ ዓይነት ነው። እስከዳር ስትገባ ሻዩን እንኳ አላስቀመጠም።

"ምን ላድርግ? ሁለት ስም ብልክ የውድድሩ ዳኞች ሁለታችሁንም ይጥሏችኋል" አላት።

"ታዲያ ለምን የእሱ ሆነ?"

"እጅሽ ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ግን የሚስል ሰው ሞልቷል። መቅደስ ገብቶ የሚለካ ስንት አለን? ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የለየን እሱ ነው። ያለ ልዑልቃል አንቺ ከመጋረጃው ወዲህ ነበርሽ።"

እስከዳር ፊቷ ጋለ። እውነት ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን አብረው ለክተዋል። ታቦቱ ያለበት መሐለኛው ክፍል፣ መቅደሱ ግን ካህን ወይም ዲያቆን ካልሆነ በቀር ማንም አይገባበትም። ልዑልቃል ዲያቆን ነው፤ አባቱም የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ናቸው። ሜትሩን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ የገባው እሱ ነው፤ ቁጥሩን ያመጣውም እሱ።

"ከመጋረጃው ወዲህ የቀረሁት እኮ ስለማላውቅ አይደለም" አለች።

"ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ደግሞ በንዴት ልኬቱ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብለሽ እንዳትነካኪ። የተጠራጠሩትን ሥራ ከነስሙ ነው የሚሰርዙት። ይልቅ የመጨረሻውን ንድፍ ጨርሰሽ ከሥራ መውጫ በፊት ላኪልኝ።"

ስሙ የሱ፣ ሥራው የሷ! ይህን በአፏ አላለችውም፤ በሩን ስትዘጋው ግን የሰማ ሁሉ ገብቶታል።

አገር ቤት መካነ ብርሃን ያሉትን አባቷን አያ የሻውን መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ሁሉ "ያች ልጅህ ይህን ያህል ዓመት ተምራ ምነው አንድ ቤት አልሠራች?" እያለ ያስቸግራቸዋል። እሳቸውም "ገና የትልቁን ቤት ነው የምትማረው" ይላሉ። ከእሷ በፊት የተመረቁት ልጆች የትልቁን ቤት ተምረው ፒያሳ ለፒያሳ ሲዞሩ እስከዳር በየቀኑ ታያቸዋለች። ከዚህ ዕጣ መውጫ አንድ በር ብቻ ነበር የታያት፤ ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰው ገብቶ ዘጋባት።

ስቱዲዮው ለምሳ ባዶ ሲሆን ኮምፒውተሯን ከፍታ ንድፉን ዘረጋች። የመቅደሱ ምሥራቅ ግድግዳ ከሳምንት በፊትም አላማራትም ነበር። የልዑልቃልን ቁጥር ስታስገባ የምዕራቡ ግድግዳ ይደልባል፣ የምሥራቁ ይቀጥናል። ያን ጊዜ የድሮ ግንበኞች ሥራ ነው ብላ አልፋው ነበር። ዛሬ ግን ንዴት ዓይኗን ከፍቶታል። ያ ቀጭን ግድግዳ የጣሪያውን እንጨት ሁሉ ተሸክሞ ይህን ያህል ዘመን ሊቆም አይችልም፤ ገና ዱሮ በተናደ ነበር።

ከዚያ መቅደሱ የተለካበትን ቀን ፀጥታ አስታወሰች። ቅድስቱ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ስትጠብቀው የራሷን ትንፋሽ ትሰማ ነበር። የብረት ሜትር ሲጠቀለል ይጮኻል፤ እንኳን ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ገበያ መሐልም ይሰማል። ከመጋረጃው ጀርባ ግን አንዳች ድምፅ አልመጣም።

ለምን እንዳልመጣ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሷ ናት። አምና የጉዛራን ግንብ ለመለካት እንፍራንዝ በሄዱ ጊዜ በእሷና በልዑልቃል መሐል የሆነው ሆነ። ዲያቆን ሳያገባ ሴት ካወቀ ዲቁናው ይፈርሳል፣ መቅደስም አይገባም፤ ይህን ጎንደር ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ልዑልቃል መጀመሪያ አገባሻለሁ አለ፤ ቀጥሎ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ አለ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ሳያደርግ ቀርቶ እሷን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ጀመር። ኃጢአቱ እሷ የሆነች ይመስል። እስከዳር ይህን ይቅር አላለችውም።

የስቱዲዮው ደረጃ ላይ አገኘችው።

"አልገባህም" አለችው።

"የት?"

"መቅደስ።"

ግራና ቀኙን ገላመጠ። "ቀስ በይ! አብደሻል እንዴ?"

"ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጥርሱ መሐል ተናገረ። "እንዴት ልግባ? አንቺ እያወቅሽ? መጋረጃውን ይዤ እግሬ እምቢ አለኝ። ብገባ የምቀሰፍ መሰለኝ። እዚያው ቆሜ በዓይኔ ገመትኩት።"

"መቅሠፍቱን ፈራህ፤ ውሸቱን ግን አልፈራህም። በግምትህ ነዋ ዕድሌን የወሰድከው!"

"ሂጂና ተናገሪ እንግዲህ! ምነው ሳይገባ ቀረ ቢሉሽ ምን ትያለሽ? ከማን ጋር ቢሉሽስ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ለአንቺም ለእኔም የሚበጀው ይኼው ነው።"

በጥፊ ልትለው እጇ ተነሳ፤ መልሳ አወረደችው። ከሱቅ አንድ ጥቅል ሲባጎ ገዝታ ወደ ቁስቋም የሚሄድ ባጃጅ ያዘች።

ቄሰ ገበዝ ሐብተ ማርያም የቤተ ክርስቲያኑን ምንጣፎች አጥሩ ላይ አስጥተው አቧራውን በዘንግ እያራገፉ ነበር። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

"እንዴት ሸጋ ቀን መጣሽ! ሥዕሉ አለቀ ወይ?"

መስቀል ተሳልማ "አላለቀም መምሬ። የመቅደሱ ልኬት አልገጠመም" አለች። "ሜትር አያስፈልግም፤ በዚህ ሲባጎ ልኩን ያህል ቆርጠው ቢያወጡልኝ ብዬ ነው።"

"ምነው? ልዑል ለክቶት የለም ወይ?"

"ቁጥሩ አልሆነም።"

"ታዲያ ይምጣና ይለካዋ! ዲያቆን አይደለም ወይ?"

እስከዳር ኮረብታውን የወጣችው ለሲባጎ ብቻ ነው ብትል ውሸቷን ነው፤ ለዚች ጥያቄም ነበር የወጣችው። መንገዱን ሁሉ መልሱን ስትስል፣ ስታሾል ነው የመጣችው። አሁን ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው ሲያዩዋት ግን መልሱን ዋጠችው። አላዘነችለትም፤ ለልጁ አላዘነችለትም። እኚህ ሰው ግን ከእሷ አፍ ቢሰሙት ግፍ መሰላት።

"እሱን ይጠይቁት" አለች።

ቄሰ ገበዙ ዘንጉን አጥሩ ላይ አጋደሙት።

"ከአምና ወዲህ ቅዳሴ አይገባም" አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። "ፈተና አለብኝ ይለኛል። እኔም ተማሪ ነው፣ ፈተና ነው እላለሁ።" ቀና ብለው አዩዋት። "ልጅቱ አንቺ..." ብለው ጀመሩ።

እስከዳር መሬት መሬቱን አየች።

"ተይው። አልጠየቅሁም። አምጪው ያንን ገመድ።"

እግራቸውን ታጥበው ገቡ። እሷ ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። ሲወጡ ሁለት የሲባጎ ቁራጭ በክብ በክብ ጠቅልለው ይዘዋል።

"ይኼ አንድ ቋጠሮ ያለው ከምዕራብ ምሥራቅ ነው። ሁለት ቋጠሮ ያለው ከሰሜን ደቡብ። እንዳይምታታብሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ መምሬ።"

"ማን ለካው ብለሽ ነው የምትጽፊ?"

"እርስዎ ምን ይላሉ?"

"የገባሁት እኔ ነኝ። በእመቤቴ ቤት ያልገባው ሰው ገባ ተብሎ አይጻፍም።"

"ሰው ይጠይቃል እኮ። ዲያቆን ልጅ እያላቸው አባትየው ምነው ገቡ ይላል።"

"ይጠይቅ። የጠየቀውን ሁሉ እኔ ዘንድ ላኪው" አሉና ምንጣፉን ማጠፍ ጀመሩ። ገና ግማሹ አቧራ አልተራገፈም ነበር።

ስቱዲዮ ስትደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ሲባጎዎቹን ወለሉ ላይ ወጥራ ለካች፤ ቁጥሩን አስገባች፤ ግድግዳዎቹ በአራቱም በኩል እኩል ወፈሩ። ቤተ ክርስቲያኗ ያን ጊዜ ነው በስክሪኑ ላይ የቆመችው። እስከዳር ብቻዋን ሳቀች፤ ሥራ ሲገጥም ደስ ይላል፣ የማንም ስም ይኑርበት።

ስልኳ ጮኸ።

"አባቴ ደወለ" አለ ልዑልቃል። ድምፁ የጠዋቱ አይደለም። "ነገርሽው?"

"አልነገርኩም። እሱን ይጠይቁት አልኩ።"

"ያው ነው! ገደልሽኝ እኮ። መቅደሱን ራሴ ለካሁት፣ ቤት ና ብሎኛል፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።" ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ስሚኝ። ለምናለ ደውዬ ስሜን አስወጥቻለሁ። እስከዳር ትሂድ ብዬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ቻናሉን እዪው።"

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ በኮምፒውተሩ ቻናሉን ከፈተች። እውነቱን ነው። "ማስተካከያ" ይላል፤ ቀጥሎ የእሷ ስም ከነአባቷ ስም ተጽፏል። አያ የሻው ማንበብ ባይችሉም ይህን አንብቦ የሚነግራቸው ሰው አያጡም። ነገ መካነ ብርሃን ይሰማል።

"አየሽው? ያንቺ ነው" አለ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። መቅደሱን የለካው የሚለው ላይ የእኔ ስም ይቆይ። ቁጥሩ አሁን እውነት ነው አይደል? ማን ለካው ምን አለበት?"

"አባትህ የገባሁት እኔ ነኝ ብለዋል።"

"አባቴ ሽማግሌ ነው! ነገ ደብሩ ሁሉ ሲጠይቀው መቆሚያ ያጣል። አንቺስ? በመጨረሻ ሰዓት የለካው ሰው ተቀየረ ሲባል የመጀመሪያው ውሸት ነበር ማለት ነው። ምናለ ለእሷም ነግሬያታለሁ ብሎኛል፤ ከነስሙ ይሰርዙታል። አንቺም ትቀሪያለሽ።"

ያለው ሁሉ ልክ ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። እስከዳር የእሷን ስም ደግማ አየችው፤ ያምራል። ዝም ብትል ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይጠይቅም፤ መቅደስ የገባ እሱ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የቀረች እሷ እንደሆኑ ይኖራሉ። እሷም ያገኘችውን ዕድል እሱ የሰጣት ሆኖ ይቀራል።

ከንድፉ ግርጌ ያለውን የስም ሣጥን አጎላችው። መቅደሱን የለካው ከሚለው ጎን የልዑልቃልን ስም አጠፋች።

"እስከዳር? አለሽ?"

"አለሁ" አለች። "የአባትህን ስም እየጻፍኩ ነው።"

ስልኩን ዘጋችና ንድፉን ላከችው።