ታፖው ይመኙሻል እጅ ነው

ደላላው አስፋው ገዢውን አስከትሎ የግቢውን ቆርቆሮ በር ሲያንኳኳ፣ ይመኙሻል አሮጌው አይሱዙ ሥር በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ከውጭ የሚታየው የላስቲክ ጫማ ያጠለቀ እግሯ ብቻ ነው።

«ክፍት ነው፣ ግቡ!» አለች ከሥር። አጠራሯ እንግዳ የሚቀበል ሰው አጠራር አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት ራት ላይ ነው። ባሏ ኃይለመስቀል ቆጮውን በጎመን እየጠቀለለ፣ ነገ ሳይዘንብ አይቀርም እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ፣ «ነገ መኪናውን የሚያይ ሰው ከጅማ ይመጣል» አላት።

«አይቶ ሊሄድ ነው ወይስ አይቶ ሊገዛ?»

«ከተስማማው ይገዛል።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ከቦንጋ ሺሺንዳ፣ ከሺሺንዳ ቢታ ገነት የተመላለሰችበት፣ ጭቃ ሲውጠው ወርዳ ጎማው ሥር ድንጋይ ያነጠፈችለት፣ የማንኪራን ማርና ኮረሪማ ጭና ቤቱን ያቆመችበት መኪና በሁለት ጉርሻ መሃል ሊሸጥ ነው። ዶሮ እንኳ ለገበያ ሲወጣ ባልና ሚስት ይመካከራሉ። ይመኙሻል ተናደደች፤ ያውም እስከ ጥፍሯ ድረስ።

ሰውየው ምክንያት የለውም አይባልም። ዓይኑ ደክሟል። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጥ ቁርጡን ነግሮታል። «ሹፌር እንቅጠርና እኔ ልነግድበት» ስትለው ግን፣ «እኔ ወንበር ላይ ሌላ ወንድ ከሚቀመጥ መኪናው ገደል ይግባ» ብሎ ይነሣባታል። ሌላም ሰበብ አበጅቶ ነበር። ሚሊኒየሙ በገባ በዓመቱ፣ መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው የሚለው ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። «አስፋልቱ ሲደርስ አዲስ አዲሱ መኪና ይጎርፋል። ያኔ ይኼን ሽማግሌ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? መሸጥ አሁን ነው» ይላል። ይኼ ለይመኙሻል የተገለበጠ ሐሳብ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጭቃ ሲያቦካ የኖረ መኪና ደህና መንገድ ሊያይ ሲል ይሸጣል እንዴ? ግን አልተከራከረችም። ኃይለመስቀልን በክርክር የሚረታ ሰው ቦንጋ ላይ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ክርክሩን ትታ ወደ ሥራ ገባች።

ጠዋት ተነሥታ ሞተሩን አስነሣችው። ኃይለመስቀል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ፈካ፤ ለገዢው እያሞቀችለት መሰለው። እሷ ያሞቀችው ግን ዘይቱ ቀጥኖ እንዲወርድላት ነው። ሞተሩን አጠፋች፣ ማዳበሪያ አንጥፋ ከሥር ገባች፣ ሳፋ ደቀነች፣ የኮፓውን ታፖ በቁልፍ አላልታ በጣቷ ፈታችው። ታፖ ማለት የዘይቱን ማጠራቀሚያ፣ ኮፓውን፣ ከሥር የሚዘጋው ብሎን ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ጥቁሩ ዘይት ሳፋው ውስጥ ተዘረገፈ። ይመኙሻል ታፖውን በቀሚሷ ጠርጋ በቡጢዋ ጨበጠችው። ዘይት የሌለውን ሞተር አስነሥቶ የሚነዳ እብድ ብቻ ነው፤ ታፖ የሌለው ኮፓ ደግሞ ዘይት አይዝም። እንግዲህ መኪናው እንዳለ በእጇ ውስጥ ነው ማለት ነው።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ አስፋው ጎንበስ ብሎ። ነጭ ሱሪ ለብሷል፤ የሚሸጥ ነገር ባለ ቀን ሁሉ ነጭ ነው የሚለብሰው።

«ዘይት እየቀየርኩ።»

«ዛሬ?»

«ዘይት ቀን ይመርጣል እንዴ?»

ኃይለመስቀል ከበረንዳው በዱላው መሬቱን እየነካካ ብድግ አለ። «ሴትዮ! ማን ቀይሪ አለሽ?»

«ቆሻሻ ዘይት ይዞ እንግዳ ፊት ይቁም? ነውር አይደለም?» አለች፤ ድምፅዋ ከሥር ማር ማር ይላል።

ገዢው ከፈለኝ የሚባል ረጋ ያለ ነጋዴ ነው። መኪናውን እስከ ሺሺንዳ ነድቶ ሳያየው እንደማይገዛ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአውቶቡስ ወደ ጅማ መመለስ እንዳለበት አስቀድሞ ተናግሯል። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ብዙ ይቆያል?» አለ በትሕትና።

«እስኪያልቅ ነው፣ ወንድሜ።»

ዘይቱ መጀመሪያ ገመድ፣ ቀጥሎ ክር ሆነ፤ ክሩ ተበጥሶ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። «አለቀ እኮ! ይዝጉት በቃ!» አለ አስፋው።

«ኃይለመስቀልን ጠይቀው። ጠብታው ሳይቆም ታፖ ይዘጋል?»

ይኼ የኃይለመስቀል የራሱ ሕግ ነው። ስንቱን ረዳት አስለቅሶበታል! «ክፉው ዝቃጭ ያለው መጨረሻ የምትወርደዋ ጠብታ ላይ ነው፤ የቸኮለ ከኔ መኪና ይውረድ!» እያለ ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። አሁን በጅማ ነጋዴ ፊት ሕጉን ይሻር?

«አይዘጋም» አለ በጥርሶቹ መሃል።

ይመኙሻል ከመኪናው ሥር ሆና ለብቻዋ ፈገግ አለች። ጠብታው ለመቆም የቸኮለ አይመስልም።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!» ብሎ አስፋው አጉተመተመ፤ እንዳይሰማ ብሎ ነው፣ ግን ተሰማ።

«እሰይ! ተረቱማ እውነት ነው» አለች ይመኙሻል። እጇን ዘርግታ ዘይት የጠገበውን ማዳበሪያ መታ መታ አደረገችለት። «ና ግባ፣ ወንዱ ጨርስልኝ።»

አስፋው ነጩን ሱሪውን አየ፤ ማዳበሪያውን አየ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከፈለኝ ሳቁን በእጁ መዳፍ ሸፈነው።

በዚህ መሃል ጎረቤቷ የምሥራች ጄሪካን አንጠልጥላ ከተፍ አለች። በዚያ ሰፈር የመኪና ዘይት ሲፈስ ሳይጠሩ መምጣት ልማድ ነው። የተቃጠለ ዘይት የተቀባ የአጥር እንጨት ምስጥ አይደፍረውም፤ ዝናብ በማይለየው አገር አጥር ማቆም ቀልድ አይደለምና ሁሉም ድርሻውን ይፈልጋል። ከየምሥራች ኋላ ሌሎች ሦስት አራት ሰዎችም ቆርቆሮና ጣሳ ይዘው ገቡ፤ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ አረፍ አረፍ አሉ።

«ነጭ ለባሹ ምን ይሠራል?» አለች የምሥራች።

«ደላላ ነው። መኪናው ሊሸጥ ነው አሉ።»

«አሉ? አንቺ ሳታውቂ?»

«እኔን ምን አስጠየቀሽ? ባለቤቱ ያውልሽ በረንዳው ላይ።»

ሁሉም አንገቱን ወደ በረንዳው አዞረ። ኃይለመስቀል ዓይኑ ቢደክምም መታየቱ አልጠፋውም፤ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

አስፋው ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም፤ ደላላ ተስፋ ከቆረጠ ምን ይበላል? «እሺ፣ ጠብታው ይቁም። ፊልትሮውን እስከዚያ ይቀይሩት» አለ። ይመኙሻል አሮጌውን ፊልትሮ፣ የዘይት ማጣሪያውን፣ ከሥር አንከባለለችለት። ዝገት ይዞት አልፈታ ስላላት ካቻቢቴ በመዶሻ ከጎን ወደ ጎን አሳልፋበት ነበር የጠመዘዘችው፤ ተመልሶ የሚገባ አይደለም። አዲሱስ? አዲሱ ሳጥኗ ውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉ መቀነቷ ላይ ነው፤ መቀነቷን ደግሞ የሚነካ የለም። አስፋው ወደ ሱቆቹ ሮጠ። ላብ በላብ ሆኖ አንድ አዲስ ፊልትሮ ይዞ መጣ። ይመኙሻል በትዕግሥት ተቀበለችው፣ ማሠሪያው ላይ አስጠግታ አዞረችው፣ መልሳ ሰጠችው። የሌላ መኪና ነው፤ ጥርሱ አይገጥምም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች የምሥራች፤ ሰዉ ሳቀ።

ኃይለመስቀል የሰዉን ሳቅ መታገሥ አልቻለም። ከበረንዳው ወረደ። ይመኙሻል የዱላውን ኳኳታ ስትሰማ ከመኪናው ሥር ወጣች። ፊቷ፣ ክንዷ፣ ሻሿ ሳይቀር ጥቁር ሆኗል፤ ቀኝ እጇ ግን እንደተጨበጠ ነው።

«አሳፈርሽኝ» አላት ቀስ ብሎ።

«አንተ ቀድመኸኛል።»

«ቃሌን ሰጥቼዋለሁ እኮ!»

«ቃልህን ስጥ፤ ቃሉ ያንተ ነው። መኪናው ግን የሁለታችን ነው።» ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንዲሰማባት አልፈለገችም፣ ግን ተወችው። «ወንበሬ፣ ወንበሬ ትላለህ። ከወንበርህ ጎን ያለውስ የማን ነው? ሃያ ዓመት ማን ተቀመጠበት? ጎማው ሲፈነዳ ድንጋይ ያቀበለህ ማን ነው? እንቅልፍ ሲጥልህ ጎንህን እየጎሸመ ቤትህ ያደረሰህ ማን ነው? ያንተን ወንበር ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ብለህ የኔን ልትሸጥ!»

ኃይለመስቀል በዱላው መሬቱን ቧጠጠ።

ያን ጊዜ ከፈለኝ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ የመጣሁት መኪና ልገዛ ነው፤ የባልና ሚስት ጠብ አልገዛም» አለ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ይመኙሻል ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ ይሸጡታል?»

ይኼን ጥያቄ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አመሰገነችው በልቧ። ግን ደግሞ ከንዴቷ ሁሉ የባሰ ያመማት ይኼ ነው፤ መንገደኛ ያሰበውን አብሯት ያረጀው ሰው አለማሰቡ።

«እሱ ይጠይቀኝ» አለች ባሏን እያየች።

«እትዬ፣ ያው እኮ አንድ ነው…» ሲል አስፋው ጀመረ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት ባልና ሚስቱ እኩል።

ኃይለመስቀል የደከሙ ዓይኖቹን እያርገበገበ ቆመ። ኩሩ ሰው ነው፤ ሹማምንት ቆመው ሲያናግሩት እንኳ ከመሪው ላይ ሳይወርድ የሚመልስ ነበር። አሁን በጎረቤትና በደላላ ፊት ሚስቱን ፈቃድ ሊጠይቅ? ይመኙሻል የሚያስበውን ሁሉ ከፊቱ ላይ አነበበችው፤ አዘነችለትም። ግን ፈቅ አላለችም። ዛሬ ካዘነችለት ነገ ቤቱንም ራት ላይ ይሸጥላታል።

«ይመኙሻል» አለ በመጨረሻ። ቃሉ እንደዛገ ብሎን ተጎትቶ ነው የወጣው። «መኪናው ይሸጥ?»

«አይሸጥም።»

«እሺ ሹፌሩስ?»

«ይቀጠራል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አንተም አብረኸን ትሄዳለህ፤ መንገዱን ሁሉ ስትጮህበት ትውላለህ።»

ከድንጋዮቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ። ኃይለመስቀል አልሳቀም። ብቻ እጁን ወደ ቡጢዋ ዘረጋ። «እንግዲያውስ ታፖውን ስጪኝ፤ ጠብታው ቆሟል። እኔ ልዝጋው።»

ይመኙሻል የተዘረጋውን እጅ አየችው። ይኼ እጅ ታፖውን ወስዶ መዝጋትም፣ ለአስፋው ማቀበልም ይችላል። ታምነዋለች? ትናንት ከራት በፊት ብትጠየቅ፣ አዎ ትል ነበር። ቡጢዋን አልከፈተችም።

«መዝጋቱን እኔ እዘጋዋለሁ» አለችው። «አንተ ሰውየውን ሸኝ።»

ተመልሳ ማዳበሪያዋ ላይ ተጋደመችና ከመኪናው ሥር ገባች። ታፖውን እንደጨበጠች፣ ሳትዘጋ፣ ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች። የዱላው ኳኳታ ወደ ቆርቆሮው በር አዘገመ፤ ከጎኑ የከፈለኝ ጫማ፤ ከኋላ የአስፋው ማጉረምረም። ከዚያ የኃይለመስቀል ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮው ጮክ ያለ፣ ሰፈር የሚሰማው።

«ወንድሜ፣ ላደከምኩህ ይቅር በለኝ። እኔና እሷ አልተስማማንም። መኪናው አይሸጥም!»

በሩ ተዘጋ። ይመኙሻል ታፖውን የዘጋችው ከዚያ በኋላ ነው።